ስንት ወረቀት ተጠቀለለ?

ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በየትኛውም አዋጅ ላይ ግን ያልተጻፈ አንድ ሕግ አለ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱ ይቆጠራል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም በስም ይጠራል፤ የደረሰው ይታለፋል፣ ያልደረሰው ይጻፋል። ወረቀቱ እኩል ይቆረጣል፣ እኩል ይጠቀለላል፣ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። ዳኛው «ስንት ሆነ?» ይላል። «ሠላሳ ሁለት» ይባላል። ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ወረቀቱ ቆብ ወይም ሳህን ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለማውጣቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ይጠራል፤ ማንበብ ባይችል ይመረጣል።

እስቲ ይህን ነገር ልብ ብለን እንየው። ዕቁብተኛው የሚጠነቀቀው ለሚወጣው ወረቀት አይደለም። የሚወጣውንማ ሁሉም በዓይኑ ያየዋል፤ ተነቦም ይሰማዋል። የሚጠነቀቀው ለሚገባው ነው። የአንዱ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ቢሆን፣ ወይም የአንዷ ስም ተረስቶ ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታና ምርቃት ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። «ማን ወጣለት?» ከማለቱ በፊት «ስንት ገባ?» አለ።

ይህ ጥንቃቄ ከዕቁብም የቆየ ነው። በገጠር ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ እያንዳንዱ የየራሱን ምልክት ይሰጥ ነበር፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል። የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን በየክፍያው ላይ ይጥላል። ማንም ሁለት ጠጠር ሊያስገባ አይችልም፤ ሽማግሌ ቆሞ ያያላ! በሐዋርያት ሥራም ቢሆን በይሁዳ ፋንታ የሚተካው በዕጣ ሲመረጥ መጀመሪያ ሁለቱ ዕጩዎች በስም ታውቀዋል፤ ዮሴፍና ማትያስ። ዕጣው የተጣለው በታወቀ ዝርዝር ላይ ነው። ዕጣ ፈንታን ለፈጣሪ የሚተወው ሕዝብ ዝርዝሩን ለማንም አልተወም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ዕቁብ ለማውራት አይደለም። ስለ ምሥራቅ አዲስ አበባ ለማውራት ነው። ከገርጂ ተነሥታችሁ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶ አድርጋችሁ ቦሌ አራብሳ እስክትደርሱ ድረስ ግራና ቀኝ የምታዩት ባለ አራት ፎቅ ሁሉ የሞላው በዕጣ ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰፊ ሰፈር፣ ይህን ያህል ብዙ ጎረቤት፣ በዕጣ የተመደበበት ከተማ ብዙ ያለ አይመስለኝም። በላይኛው ፎቅ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በታችኛው የታክሲ ረዳት፣ በጎን ነርስ የሚኖሩት ስለተመራረጡ አይደለም፤ ዕጣ ስላገናኛቸው ነው። ስለዚህ የዚህን ዕጣ ታሪክ ማወቅ የግማሽ ከተማን ታሪክ ማወቅ ነው።

ከዕጣው በፊት ቤት እንዴት ይገኝ ነበር? በንጉሡ ዘመን መሬቱም ቤቱም የባለቤቱ ነበር፤ የሌለው ይከራያል። ደርግ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ቤት የሚሰጠው ቀበሌ ሆነ፤ ትልልቆቹን ደግሞ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘ። የቀበሌ ቤት ለማን እንደተሰጠ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለምን ለእሱ እንደተሰጠ ግን የሚያውቀው ኮሚቴው ብቻ ነው። ስንት ሰው አመልክቶ ነበር? ወረፋው የት ደርሶ ነበር? መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሕዝቡ መሳቢያውን ማየት ሲያቅተው የራሱን ማብራሪያ አወጣ፦ «ዘመድ አለው»። እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል። የተዘጋ መሳቢያ ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ቅን የሠራውንም ካልሠራው ጋር አንድ ላይ ያማል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አቶ አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን ሲመሩ የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ተጀመረ። ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር የሙከራ ሕንፃዎቹ የተሠሩት እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ተከፈተና ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። «የ97 ተመዝጋቢ» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚህ ነው። ማዕረግ ያልኩት በቀልድ አይደለም፤ በዚህ ከተማ የ97 ተመዝጋቢ መሆን ለጋብቻ ሲጠያየቁ ሳይቀር የሚነሣ ነገር ነበር።

ቤቱ ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ዕጣ መምጣቱ አይቀርም። መምጣቱም መልካም ነበር። ከኮሚቴ ደብዳቤ ወደ ዕጣ መሸጋገር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዕጣ ዘመድ የለውማ። ዕጣው በኮምፒውተር ይወጣል፤ የዕድለኞቹ ስም በአዲስ ልሳን ጋዜጣ ይታተማል። ዕጣ የወጣ ሰሞን የጋዜጣ አዟሪ ይከብራል። ሰው በየመንገዱ ዳር ቆሞ በጣቱ ወደ ታች እየተከተለ ያነባል፤ ስም ከነአያት፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ሳይት፣ ብሎክ፣ ወለል፣ የቤት ቁጥር። ያገኘ ይጮሃል። ያላገኘ ደግሞ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል ብሎ እንደገና ከላይ ይጀምራል።

እንግዲህ ያ ጋዜጣ ምን ነበረው፣ ምን ጎደለው? የወጣላቸው ሁሉ ስም ነበረው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀበሌ መሳቢያ ይህን አልሰጠንም። ነገር ግን ዕጣ ውስጥ የገቡት ሁሉ ዝርዝር አልነበረውም። በዕቁብ ቋንቋ ስንናገር፣ የወጣው ወረቀት ተነበበልን እንጂ የተጠቀለለው ወረቀት ፊታችን አልተቆጠረም።

ለመሆኑ ይህ ምን ልዩነት ያመጣል? በቀላል ሒሳብ እንየው። 100 ሰው ለ25 ቤት ዕጣ ቢጥል የእያንዳንዱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። አንድ ሰው ጨለማን ተገን አድርጎ ሌላ 100 ስም ቢጨምርበት ዕድሉ ከስምንት አንድ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች ግማሽ ዕድላቸውን ተዘረፉ። ያወቀ ግን የለም! ምክንያቱም ዕጣ ውስጥ አለማግኘት የተለመደ ነገር ነው። ኪሱን የተሰረቀ ሰው ኪሱን ሲዳብስ ያውቃል። ዕድሉን የተሰረቀ ሰው ግን «አልቀናኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለተሸናፊው ማጭበርበርና መጥፎ ዕድል መልካቸው አንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ታሪካችንን እንቀጥል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ ተደረገ፤ ነባሮቹም እንደገና ተመዘገቡ። ቁጥሩ ከ800 ሺህ በላይ ሆነ። አሁን ነገሩ ረቀቅ አለ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚባሉ ፕሮግራሞች መጡ። በ20/80 ተመዝጋቢው 20 ከመቶውን ይቆጥባል፣ ቀሪው በባንክ ብድር ይሸፈናል። ዕጣ ውስጥ ለመግባት መመዝገብ ብቻ አልበቃም፤ በንግድ ባንክ ያለማቋረጥ መቆጠብ ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 ከመቶ ድርሻ ተመደበ። እነዚህ ሁሉ በበጎ ሐሳብ የመጡ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ምዝገባው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ቁጠባው ባንክ፣ ዕጣ የሚያወጣው ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ቦታ ሆነ። የዕቁቡ ጸሐፊ አንድ መዝገብ ነበር የያዘው። እዚህ ሦስት መዝገብ ሆነ። መዝገብ በበዛ ቁጥር በመዝገቦች መካከል ያለው መንገድ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም ደግሞ ሽፍታ አያጣውም።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ20/80 13ኛ ዙርና የ40/60 ሁለተኛ ዙር ዕጣ ወጣ፤ በጠቅላላው 51,229 ቤቶች። ያ ዕጣ የሚታወሰው ባስከተለው ተቃውሞ ነው፤ በተለይ ኮዬ ፈጬ የተሠሩት ቤቶች በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው በሚል በብዙ ከተሞች ሰልፍ ተደረገ። ያም ቢሆን ከዝርዝር ጋር የተያያዘ ጥያቄ ነበረበት። ከመሬታቸው የተነሡት ገበሬዎች በየትኛው መዝገብ ላይ ናቸው? ዕጣ ፍትሐዊ የሚሆነው በዝርዝሩ ላይ ላሉት ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ራሱ ማንን እንደተወ አይነግረንም።

ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣ። የ20/80 14ኛ ዙርና የ40/60 ሦስተኛ ዙር፤ በጠቅላላው 25,491 ቤቶች። ሶፍትዌሩን ያለማው የከተማው ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ልማት ቢሮ ነው። ባለሥልጣናትና ጋዜጠኞች በተገኙበት ዕጣው ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ከንቲባ አዳነች አቤቤ የሚመሩት የከተማ አስተዳደር ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። በተደረገው ማጣራት ባንኩ ከላከው የብቁ ቆጣቢዎች ዝርዝር ውጭ የሆኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስሞች ወደ ዕጣው ገብተው ተገኙ። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መባል አለበት። አንደኛ፣ አስተዳደሩ ስሕተቱን አድበስብሶ ቤቱን ማስረከብ ይችል ነበር፤ መሰረዙንና ምክንያቱን በአደባባይ መናገሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የተሰረዘው ዕጣ ያለ ጥፋታቸው ከደስታ ወደ ኀዘን የመለሳቸው ሰዎች ነበሩ። ለዓመታት ከደመወዟ እየቀነሰች የቆጠበች፣ ለቤት አከራይዋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልለቅ ነው» ያለች ሴት፣ ስሟ በትክክለኛው ዝርዝር ላይ ነበር። የወጣላት በሐቅ ነው። ግን በተበከለ ሳህን ውስጥ የወጣ ሐቅ ከሐሰቱ ተለይቶ ሊድን አልቻለም። ሁሉም ተደፋ።

ታዲያ ጥፋቱን ማን አየው? ዳታውን የማየት ሥልጣን ያላቸው አካላት ናቸው ያጣሩት። ገርጂ በደባልነት የምትኖረው ቆጣቢ ብትጠረጥር እንኳ ምንም ማጣራት አትችልም ነበር። የጎደለው ይህ ነው። ሌባው በመያዙ ደስ ሊለን ይገባል፤ ነገር ግን ሌባ መያዙ በአጣሪው ቅንነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ ነገ ሌላ አጣሪ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን ወደ ውጭ ወጣ ብለን ሁለት ዕጣ እንይ።

አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969፣ ወጣቶቿን ለውትድርና የምትጠራበትን ቅደም ተከተል በዕጣ አወጣች። የዓመቱ 366 ቀናት በትንንሽ የፕላስቲክ ቅል ውስጥ ተጠቅልለው ከመስታወት ዕቃ በቴሌቪዥን ፊት ወጡ። የልደት ቀንህ ቶሎ ከወጣ ትዘምታለህ። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር፤ በዚያ ዕጣ እስከ 195ኛ ተራ ያሉት ተጠሩ። ሁሉም በዓይኑ አይቷል፤ ከዚህ በላይ ግልጽነት ከየት ይመጣል? ነገር ግን የስታቲስቲክስ ሰዎች ውጤቱን ይዘው ሲቆጥሩ አንድ ጉድ አገኙ። ዕጣው በትክክል ቢቀላቀል ኖሮ የየወሩ አማካይ ተራ ወደ 183 አካባቢ መሆን ነበረበት። የጥር ልጆች አማካይ ከ200 በላይ ሲሆን የታኅሣሥ ልጆች 121 ገደማ ሆነ። ምክንያቱ ተንኮል አልነበረም። ቅሎቹ በየወሩ ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ስለገቡና በደንብ ስላልተማሱ፣ በመጨረሻ የገቡት ቶሎ ቶሎ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት አሠራሩ ተለወጠ።

ጥፋቱ እንዴት ታወቀ? የገባው ዝርዝር ለዓለም ሁሉ የታወቀ ስለነበረ ነዋ! 366 ቀን ከማንም አይደበቅም፤ ካላንደር በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። የወጣውም ከነተራው ታትሟል። መግቢያውና መውጫው ከታወቀ፣ ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ሁሉ ኦዲተር ነው።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ኤዲ ቲፕተን የተባለ ሰው በአሜሪካ የብዙ ክፍለ ግዛቶችን ሎተሪ በሚያስተባብር ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ ነበር። ዕጣ ቁጥር የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። በውስጡ ጥቂት መስመር ደበቀ፤ በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ቀናት የሚወጣውን ቁጥር እሱ ሊተነብየው እንዲችል። ኮምፒውተሩ በተቆለፈ የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ በካሜራ እየተጠበቀ ነበር የሚሠራው። ካሜራው የጠበቀው ሳጥኑን ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ካሜራ አያየውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በአዮዋ ግዛት የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ ደረሰው። ባለትኬቱ ማንነቱን ደብቆ ገንዘቡን ለመውሰድ ሲሞክር ጥርጣሬ ተነሣ። በ2015 ተፈረደበት፤ በ2017 ደግሞ በሌሎች ግዛቶች የፈጸመውንም አምኖ እስከ 25 ዓመት ተቀጣ። ልብ በሉ፤ የተያዘው በስግብግብነቱ እንጂ በአሠራሩ ግልጽነት አይደለም። ቢታገሥ ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር?

የፕሮግራም ነገር ከተነሣ ዘንድ ፕሮግራመሮች ራሳቸው ስለ ራሳቸው ሲቆጥሩ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ደግ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለምና መገናኛ አካባቢ ባሉ ማሠልጠኛዎች የሚማር ወጣት ትልቁ ጥያቄው «የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ነው። አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ማለቱ አይደለም፤ ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ቋንቋ ነው። የወላጁን ገንዘብና የራሱን ሁለት ሦስት ዓመት የሚያፈስበት ስለሆነ ጥያቄው የቤት ዕጣ ያህል ይከብዳል። መልስ የሚፈልገው ደግሞ በየዓመቱ ከሚወጡት ደረጃዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት መልስ ተሰጠው። ቲዮቤ የተባለው ደረጃ በጥቅምት ወር ፓይተን አንደኛ ሆነ አለ። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ በዚያው ዓመት ባደረገው ጥናት ደግሞ ጃቫስክሪፕት አንደኛ ነው፤ ከመላሾቹ 65 ከመቶ ገደማ እንጠቀምበታለን ብለዋል። ማን ዋሸ? ማንም። ቲዮቤ የቋንቋዎቹ ስም በኢንተርኔት መፈለጊያዎች ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ሰዎችን ይጠይቃል። የቆጠሩት ነገር ለየቅል ነው። አቆጣጠራቸውን ባይነግሩን ኖሮ አንዱን ውሸታም እንል ነበር።

የሁለተኛው ጥናት አንድ መልካም ልማድ አለው። መልስ ሰጪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል። በ2023 ወደ 90 ሺህ ሰው መለሰ፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አሜሪካ የሚኖር ነው። በ2021 ከመላሾቹ ከ90 ከመቶ በላይ ወንዶች ነበሩ። ይህ ለአዘጋጆቹ የሚያኮራ ቁጥር አይደለም፤ ግን አልደበቁትም። ከዚያ አልፈው ስም የተወገደለትን የእያንዳንዱን መላሽ መልስ እንዳለ ለሕዝብ ይለቁታል፤ የመላሹ አገር የሰፈረበት ዓምድ አለው። ገርጂ ያለ ወጣት ፋይሉን አውርዶ «ከኢትዮጵያ ስንት ሰው መለሰ?» ብሎ በደቂቃ ውስጥ ራሱ ሊቆጥር ይችላል። ቆጥሮም ይህ ደረጃ ስለ እሱ አገር ሥራ ገበያ ምን ያህል ሊነግረው እንደሚችል ራሱ ይፈርዳል። ውጤት ሰጥተውት ብቻ አልሄዱም፤ ውጤቱን የሚጠረጥርበትንም መሣሪያ አብረው ሰጡት። መተማመን የሚመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ደረጃ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ዓለም ካለ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባል?

ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ኮምፒውተር እንደ ሕፃን ልጅ እጁን ሰዶ አያወጣም። የሚሠራው በቀመር ነው፤ አንድ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ዝርዝሩን ይበውዛል። ያው ዝርዝር፣ ያው መነሻ ቁጥር፣ ያው ፕሮግራም ከተሰጠው ዛሬም ነገም፣ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ሳሎን ቤት፣ ያንኑ ውጤት ያወጣል። ስለዚህ የዕቁቡን ሕግ ወደ ኮምፒውተር መመለስ ይቻላል። ዕጣው ከመውጣቱ ከሳምንት በፊት የብቁ ተመዝጋቢዎች ቁጥር ዝርዝር በየዘርፉ ይታተም፤ በስቱዲዮ ይህን ያህል፣ በባለ አንድ መኝታ ይህን ያህል፣ ከሴቶች ድርሻ ይህን ያህል። ባንኩም የላከውን ድምር በራሱ ማኅተም ለብቻው ያስታውቅ፤ ሁለቱ ድምር እኩል መሆኑን ማንም ይይ። ፕሮግራሙ ይገለጥ። መነሻ ቁጥሩ በዕለቱ፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው በማይችል መንገድ፣ ለምሳሌ የሎተሪ ቁጥር በሚወጣበት በሚሽከረከረው ዕቃ፣ ሕዝብ እያየ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፕ ያለው የሰፈር ልጅ ሁሉ ዕጣውን ደግሞ ማውጣት ይችላል። 25 ሺህ ስም ከ25 ሺህ ስም ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ ይጮሃል።

«የሰው ገመና እንዴት አደባባይ ይወጣል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስም አያስፈልግም፤ የምዝገባ ቁጥር ይበቃል። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ያውቃል፤ የጎረቤቱን ግን አያውቅም። «ፕሮግራሙ ከተገለጠ ይሰረቃል» የሚልም አለ። የቲፕተን ታሪክ መልሱ ነው፤ የተሰረቀው የተደበቀው ፕሮግራም ነው። ዕቁብን የሚጠብቀው የሳህኑ ክዳን አይደለም፤ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ዓይን ነው።

«ሕዝቡ ይህን ቴክኒክ አይረዳም» የሚለው ግን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ሕዝቡ ቴክኒኩን መረዳት የለበትም። ከሺህ ሰው አንዱ ቢረዳ፣ ያ አንዱ ደግሞ ማየት ቢፈቀድለት ይበቃል። በ1969ኙ ዕጣ መላው የአሜሪካ ሕዝብ አማካይ አላሰላም፤ ጥቂቶች አሰሉ፣ ሁሉም ተጠቀመ።

ዛሬ ቦሌ አራብሳና አያት ጠዋት ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ሰው ዕጣ ያመጣውን በረከት ያያል። በቀበሌ መሳቢያ ዘመን ይህ ሁሉ ሰው ቤት ሊደርሰው ቀርቶ ስሙም አይነሣም ነበር። ስለዚህ ዕጣው ይቅር የሚል የለም። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው እስካሁን የሚጠብቁ ብዙዎች አሉ። ያኔ ምዝገባ ሰልፍ ላይ እናቷ ያዘለቻት ሕፃን አሁን የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆናለች። እናትየው ከደመወዝ ላይ እየቀነሰች ትቆጥባለች፤ ልጅቷ ደግሞ ምናልባት ትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ፕሮግራሟን እየጻፈች ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የእናቷ ዕጣ ሲወጣ፣ ውጤቱን ራሷ ደግማ ልታሰላው ትችላለች። የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ወረቀት እንደተጠቀለለ የሚነግራት ሰው።